የእትዬ አዳራሽ ሻሽ

የወንድሜን ሚስት ወድጃት አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ስለ እሷ አንድ ደግ ነገር ሳወራ «አንጀቷ ራርቶ ነው» እንዳይባል ነው። አንጀቴ አልራራም። አንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር፣ ከአንድ ቧንቧ ስንቀዳ፣ እሷ ስትስቅ እኔ ግንባሬን እቋጥር ነበር፤ እኔ ስናገር ደግሞ እሷ ድስት ታንኳኳ ነበር። ወንድሜ መሃላችን እንደ በር መቃን ቆሞ ሁለታችንንም ችሎ ኖረ።

ሰፈሩ «እትዬ አዳራሽ» ይላታል። ሥራዋ አዳራሽ መሙላት ነው። ስብሰባ የጠራ ሰው ወንበሩ ባዶ እንዳይቀርበት ሲፈራ ወደ እሷ ይልካል። እሷም ሽንኩርት ቸርቻሪዋን፣ ሥራ የፈታውን ሹፌር፣ ጡረታ የወጣውን ፖስተኛ፣ ልጇን ያዘለችውን ልብስ ሰፊ ሰብስባ፣ ንጹሕ ልብስ ልበሱ ብላ አስጠንቅቃ፣ በየረድፉ ትደረድራቸዋለች። ሻይና ዳቦ ይቀርብላቸዋል፤ ሲወጡም ትንሽ ነገር እጃቸው ላይ ጣል ይደረግላቸዋል። እኔንም አንድ ሁለቴ ጠይቃኝ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለማጨብጨብ የተረፈ እጅ የለኝም አልኳት። ለሳምንት ያህል አኮረፈችኝ፤ እኔም ዕረፍት አገኘሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና አመጣጧን ላውራ። ወላጆቿ በልጅነቷ ሞተውባት አጎቷ ዘንድ ነው ያደገችው። አጎትየው የሲኒማ ቤት ዘበኛ ነበርና እሷም ከፍ ስትል እዚያው በር ላይ ቲኬት ቆራጭ ሆነች። ሰው ሁሉ ሸራውን ሲያይ እሷ ጀርባዋን ለሸራው ሰጥታ ሰውን ታይ ነበር። ማን ቀድሞ እንደሚስቅ፣ ማን የጎረቤቱን አፍ አይቶ እንደሚስቅ፣ ማን ምንም ሳይገባው እንደሚስቅ እዚያ ጨለማ ውስጥ ለይታ አወቀች። ሞቅ ሲላት «ደፋሩ አንድ ነው፤ የቀረው ሁሉ ተከታይ ነው» ትል ነበር። ይህን ስትል አፏን ሰብሰብ አድርጋ ነው፤ ያን አፏን ሳየው ደሜ ይፈላ ነበር።

ወንድሜ አናጢ ነው። የሲኒማ ቤቱ ወንበሮች ሲላቀቁ ሊጠግን ሄደና እሷን ይዞ ተመለሰ። «ወንበር ልጠግን ሄጄ እኔው ተሰበርኩ» እያለ ይቀልድ ነበር። ወንድሜ ቀልድ አይሆንለትም፤ ያችን አንዷን ግን ይወዳታል። ግቢው አባታችን ለሁለታችን የተወው ነው። እኔ ከበሩ አጠገብ ባለችው ክፍል፣ እነሱ ከኋላ ባለው ቤት፣ ከእነሱ ጀርባ ደግሞ የወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት፤ ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ፣ ከሐዲዱ ማዶ ወንዙ። ባቡር ሲያልፍ የተሰቀሉት መጋዞች በሙሉ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ልጅ አልወለዱም። ወንድሜ የሚሳሳለት ነገር ቢኖር ያ ሥራ ቤትና እሷ ናቸው፤ የትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም።

ሲኒማው ተዘግቶ የሲሚንቶ መጋዘን ሲሆን ሥራ ፈታች። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የመድን ድርጅት አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቶ አዳራሽ ተከራየና ሰው ሳይመጣለት ቀረ። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ ላቡን ሲጠርግ እሷ በዚያ ታልፍ ኖሮ አየችው፤ ገብታ አነጋገረችው፤ ከመንገዱና ከገበያው ሰው ለቅማ ወንበሩን ሞላችለት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱም፣ ሎተሪውም፣ ቴአትሩም ይጠራት ጀመር። ይህን አልነቅፍም። ባዶ ወንበር ፊት መናገር ለጠላትም አይስጥ።

የምነቅፈው ሻሹን ነው። ቀይ፣ ከሩቅ የሚታይ ሻሽ አላት። ሁልጊዜ የምትቀመጠው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ነው። የመጀመሪያው ረድፍ የባለሥልጣን ነው፣ ሁለተኛው የጠባቂዎቻቸው ነው፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ሕዝብ ነው ትላለች። ሻሹ ራሷ ላይ ካለ ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ሻሹ ከራሷ ከወረደ ጭብጨባ ነው። እንዴት እንደሚጨበጨብም አስተምራቸዋለች፤ ከልብ የመጣ ጭብጨባ መጀመሪያ ይንጠባጠባል፣ ኋላ ነው የሚወርደው እያለች፣ ግድግዳ ጥግ ያሉትን ዘግየት ብለው እንዲጀምሩ ታደርጋቸዋለች። ከሁሉ የጠበቀችው ትእዛዝ ግን አንድ ናት፦ የፈለገው ነገር ቢባል፣ የፈለገው ሰው ቢናገር፣ ሻሹ ራሷ ላይ እስኪመለስ ድረስ ማንም አያቆምም። መሃል ላይ የቆመ ጭብጨባ ሕዝቡ ሐሳቡን የቀየረ ያስመስላል። ትእዛዟን የጣሰ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይጠራም።

ምርጫ ሲመጣ ሥራዋ ደራ። ከሥራው ጋር አንድ ሰው መጣ፤ የአንድ የውጭ ኩባንያ የሕዝብ ግንኙነት ነኝ የሚል፣ የእኛው አገር ልጅ። እኔ «ሽቶው» እለዋለሁ፤ እሱ ግቢ ከመግባቱ በፊት ሽታው ይገባል። ሲገባ የወንድሜን የጣውላ ሽታ እንኳ ያሸንፈው ነበር። ኩባንያው ከየትኛው አገር እንደመጣ ለመናገር ያስቸግራል፤ ስሙ በአንዱ አገር ነው፣ ገንዘቡ በሌላው፣ አለቆቹ በሦስተኛው። የሚፈልገው ግን ግልጽ ነበር፦ ከሐዲዱና ከወንዙ አጠገብ ያለውን መሬት ለነዳጅ ማከማቻ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኼ ጅብ ይብሳል፤ አንጣፊዎቹንም ራሱ ቀጠራቸው።

በዚያ ምርጫ ሁለት ዋና ተፎካካሪዎች ነበሩ፤ አንዱ ሰማያዊ ኮፍያ፣ ሌላው ብርቱካናማ። በሬዲዮ ሲሰዳደቡ ጎረቤት እንኳ በእነሱ የተነሣ ተኳረፈ። እትዬ አዳራሽ ቅዳሜ ለሰማያዊው አዳራሽ ሞላች፣ እሑድ ለብርቱካናማው። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ኮፍያ ብቻ ለወጡ። ኮፍያዎቹን በካርቶን ጭኖ ያመጣውም ያው የሽቶው መኪና ነው። ግቢያችን ውስጥ አራግፎ ሲሄድ ሰማያዊውና ብርቱካናማው ጎን ለጎን ተቆልሎ አደረ። እኔ በመስኮቴ አየሁ። እነዚያ ሁለቱ አንዱ ሌላውን የአገር ጠላት ሲል፣ ኮፍያቸው በእኛ በረንዳ ላይ ተቃቅፎ ተኝቷል።

ጠዋት ስትወጣ ያዝኳት። ምን እየሠራሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት፤ የሁለቱንም ከፋዩ አንድ ሰው ከሆነ ምርጫው የማን ነው አልኳት። ኮፍያዎቹን በመጠን በመጠን እየለየች ቀና ብላም አላየችኝ።

«እቴትዬ፣ እኔ የምሞላው ወንበር ነው» አለችኝ። «ጭንቅላት የሚሞሉት እነሱ ናቸው።»

ውሻ በበላበት ይጮኻል ብዬ ተመለስኩ። ሰምታኛለች፤ እንድትሰማም ነው የተናገርኩት።

ሰማያዊው አሸነፈና የመሬት ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነ። ብርቱካናማውም ተሸንፎ አልወደቀም፤ እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ወንበር አገኘ። ስለ ትምህርት ሲነሣ ይጣላሉ፣ ስለ መንገድ ሲነሣ ይጣላሉ፤ የኩባንያው ነገር ሲነሣ ግን አንድ አፍ ሆኑ። የውጭ ኩባንያ መሬት በረጅም ኪራይ እንዲይዝ የሚፈቅድ ሕግ ተረቀቀ። ሕጉ ላይ ነዋሪውን ሳያማክር መሬት አይሰጥም የሚል አንቀጽ ነበረበት። አንቀጹን ያስገቡት ሰዎች ቅን ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ማማከር ማለት አዳራሽ፣ ካሜራና ጭብጨባ ይሆናል ብለው አልጠረጠሩም። ስለዚህ እትዬ አዳራሽ ተፈለገች። ሕግ የምታወጣው እሷ ሆነች ማለት ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብላ።

መጀመሪያ የተማከሩት የወንዙ ማዶ ጡብ ሠሪዎች ናቸው። ጥቂት ሆነው መጡ፤ ጭቃው ከእግራቸው ሳይለቅ። አንዱ ሽማግሌ ምድጃውን ከአባቱ እንደተረከበ ሊናገር ተነሣና ሊቀመንበሩ ሲያቋርጠው ሻሹ ወረደ። ጭብጨባው ሽማግሌውን አስቀመጠው። ሕጉ እስኪጸድቅ እንኳ ሳይጠበቅ በሚቀጥለው ወር የማዶው ጭስ ጠፋ። በዚያ ሰሞን እራት ላይ ወንድሜ ጡብ ሠሪዎቹ የት ሄዱ ብሎ ጠየቃት። የሥራ ቤቱን ግድግዳ የሠራው በእነሱ ጡብ ነው። ካሣ ተሰጥቷቸዋል አሉ አለችው። «አሉ» ስትል ሰምቶ እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። እኔ ግን እንዳልኳችሁ አንጀቴ አይራራም፤ አንተም አፍ አለህ፣ ለምን ዝም ትላለህ ብዬ ተከትዬ ወጣሁ። እሱ መላጊያውን ይስል ጀመር።

ከዚያ ችካሉ መጣ። አንድ ቀን ወንድሜ ሥራ ቤቱን ሊከፍት ሲሄድ ከኋላ፣ ጣውላ የሚያደርቅበት ቦታ ላይ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተተክሎ አገኘ። ማን እንደተከለው ያየ የለም። ወንድሜ ነቅሎ አልጣለውም፤ የሰው ሥራ አያበላሽም። ሚስቱን ጠየቃት። እሷ ሽቶውን ጠየቀች። ሽቶው ስቆ የውሃ መስመር ሊዘረጋላችሁ ነው፣ ማከማቻው ማዶ ብቻ ነው፣ ለአንቺ ያልነገርኩትን ለማን እነግራለሁ አላት። እሷም አመነችው። እዚህ ላይ ነው የምናደድባት። ሰው ሁሉ ሳይገባው እንዴት እንደሚስቅ በልጅነቷ ያወቀች ሴት፣ አንድ ሽቶ የተቀባ ሰው ሲስቅላት አብራ ሳቀች። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

የመጨረሻው ምክክር የተጠራው በዚያው ሳምንት ነው። ወንድሜ ጠዋት ተነሥቶ ጢሙን ተላጨ፣ ለሐዘንም ለሠርግም የሚለብሳትን ኮቱን አወጣ። ስታየው ደነገጠች። አትምጣ ብላ ለመነችው። ችካሉ የውሃ ነው፣ ነገርኩህ እኮ፤ እዚያ ቆመህ ብትጠይቅ እኔን ነው የምታሳፍረኝ፤ የምሠራበት ቦታ ነው አለችው።

ወንድሜ አዝራሩን እየቆለፈ «ችካሉ ያለውም እኔ የምኖርበት ቦታ ነው» አላት።

አብሬው ሄድኩ። አዳራሹ ስንደርስ ሞልቷል። የሞሉትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ የእኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ከግድግዳችን ጋር የተያያዘው ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ፖስተኛው ከእሷ ቀጥሎ። ንጹሕ ልብስ ለብሰው ተደርድረዋል። ወንድሜ ጥያቄ ያላቸው ሰዎች የሚሰለፉበት ማይክሮፎን ጋ ሄደ። እኔ ባዶ ያገኘሁት ቦታ ከእትዬ አዳራሽ ጎን ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን መቆም እመርጥ ነበር። መድረኩ ላይ ሊቀመንበሩ፣ ብርቱካናማው፣ አንድ ረጅም ፈረንጅና ጆሮው ላይ የሚያንሾካሹክ ጸሐፊ ተቀምጠዋል። ሽቶው ዳር ላይ ቆሟል። ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ይሸተን ነበር።

ሊቀመንበሩ ስለ ዕድገት ሲናገር ሻሹ ወረደ፣ ተጨበጨበ፣ ሻሹ ተመለሰ። ፈረንጁ በራሱ ቋንቋ ጥቂት ተናገረ፤ ጸሐፊው ሳይተረጉምለት ሻሹ ወረደ፤ ሕዝቡ ያልሰማውን ወደደ። ስብሰባውን በካሜራ የሚቀርጸው ልጅ ሳይቀር ፈገግ አለ። ከዚያ ጥያቄ ተባለና ወንድሜ ማይክሮፎኑን ያዘ።

በሕይወቱ በማይክሮፎን ተናግሮ አያውቅም። በጣም አስጠግቶት ስለነበር ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል። አናጢ መሆኑን ተናገረ። ችካል ግቢው ውስጥ እንደተተከለ ተናገረ። ሥራ ቤቱን በእጁ እንደሠራው፣ ባለቤቱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለች፣ ከእሷና ከዚያ ቤት ሌላ ምንም እንደሌለው ተናገረ። በሃያ ምናምን ዓመት ትዳር ይህን በቤት ውስጥ ሲላት ሰምቼ አላውቅም። ዞር ብዬ አየኋት፤ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

«አንድ ቃል ነው የምፈልገው» አለ ወንድሜ። «ቤቴ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም?»

ሊቀመንበሩ ጸሐፊውን አየ፤ ጸሐፊው ፈረንጁን አየ፤ ፈረንጁ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ፊቱ ከተዘረጋው ወረቀት ላይ አነበበ። ዜማ ባለው ድምፅ፣ ከወንዙ እስከ ሐዲዱ፣ ከሐዲዱም ወዲህ እስከ አስፋልቱ ያለው ሰፈር በሙሉ ከዝናብ በፊት ይነሣል፣ ቦታው ለልማት ይውላል አለ። እስከ አስፋልቱ ማለት እኛ ነን፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ናት፣ ፖስተኛው ነው፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ንጹሕ ልብስ ለብሶ የተቀመጠው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ ነው።

እሷ ሽቶውን ፈለገችው። አገኘችው። ሽቶው ስልኩን እያየ ነው።

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ዝም ብሎ የሚወርድ እንባ አልነበረም፤ ሰው ልጁ ሲሞትበት የሚያለቅሰው ዓይነት ነው፤ ፊቷ በአንድ ጊዜ ረጠበ። የምትጠርግበት ነገር ፈለገች፤ ኪሷን ዳሰሰች፣ ጉልበቷን ዳሰሰች። ከዚያ ማንኛዋም ሴት የምታደርገውን አደረገች። ሻሿን ከራሷ ስባ ፊቷን ሸፈነችበት።

ጭብጨባው መጀመሪያ ተንጠባጠበ። ኋላ ወረደ። ግድግዳ ጥግ ያሉት፣ እንደተማሩት፣ ዘግየት ብለው ጀመሩና ከሁሉ በላይ አደመቁት። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ቤቷ እንዲፈርስ አጨበጨበች። ፖስተኛው መነጽሩን አውልቆ አጨበጨበ። የሊቀመንበሩ ቃል ጆሯቸው ገብቶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ያ አዳራሽ ውስጥ ማንም በጆሮው ሰምቶ አያውቅም፤ የሚሰሙት በዓይናቸው ነው። ፈረንጁም ተነሥቶ አጨበጨበ። ባለካሜራው ልጅ ወደ እሷ ሮጠ፤ በደስታ የምታለቅስ እናት አገኘ።

ወንድሜ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ጭብጨባው መሃል ቆሞ ቀረ።

እሷ ምንም አልተረዳችም። ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች፤ ባለቀሰች ቁጥር ይጨበጨባል፤ በተጨበጨበ ቁጥር ታለቅሳለች። ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት፣ በጆሮዋ ጮኽኩባት፤ አልሰማችኝም። ትእዛዟን ያወቅሁት ግቢያችን ውስጥ ስትመክራቸው በመስኮቴ እየሰማሁ ነው፤ እስኪመለስ አታቁሙ። እጄን ሰደድኩና ሻሹን ከፊቷ ነጥቄ ራሷ ላይ ደፋሁት። አዳራሹ ቧንቧ እንደተዘጋበት ጸጥ አለ።

ያ ጸጥታ ነው የጎዳት። ወንድሜ እስከዚያ ድረስ የሆነውን አላወቀም ነበር፤ ሰዉ አብዷል ብሎ ይሆናል። ጭብጨባው በአንድ ጊዜ ሲቆም ግን ዞረ፣ ሦስተኛውን ረድፍ አየ፣ ሻሹን ራሷ ላይ አየ። ሥራዋን ያውቃል። ማይክሮፎኑን ማቆሚያው ላይ ቀስ አድርጎ መልሶ ወጣ። ሊቀመንበሩም የሕዝባችንን ስሜት አይተናል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ፤ ሕጉም ያለ ሐሳብ ልዩነት አለፈ።

ሰፈሩ ሲፈርስ የሆነውን አልዘረዝርም፤ ብዘረዝረው ደስ የሚላቸው ያፈረሱት ናቸው። የአባቴ ግቢ በአንድ ጠዋት ሜዳ ሆነ። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ የት እንደገባች አላውቅም። እኔና ወንድሜ ከከተማው ዳር ሁለት ክፍል ተከራየን። እሱ በሰው ሥራ ቤት ተቀጥሮ በር ይሠራል። እሷ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላ፣ አንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ብቻዋን ቀረች። ወንድሜ አላባረራትም፤ ጮኾም አልተናገራትም። ልብሱንና መጋዞቹን ጭኖ ሄደ፣ በቃ። የኩባንያው አጥር ሲቆም በሩ ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቀለ፤ ቀይ ሻሽ ፊቷ ላይ ይዛ የምታለቅስ ሴት፣ ዙሪያዋን የሚያጨበጭብ ሰው። ከሥሩ «ከነዋሪው ጋር በመስማማት» ይላል። ከኋላዋ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ የወንድሜ ኮት ይታያል።

አንድ እሑድ ወደ እኔ መጣች። ራሷ ባዶ ነበር፤ ሻሹን ከዚያን ቀን ወዲህ አላሰረችውም መሰለኝ። ግቢ በር ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። ሽቶው ለሌላ ሥራ ሊጠራት መጥቶ እንደነበር፣ በሩን እንደዘጋችበት ነገረችኝ፤ እንዳመሰግናት ከሆነ አላመሰገንኳትም። ከዚያ አንድ ነገር ለመነችኝ። ሳላውቅ ነው በይው አለችኝ። ጎኔ ነበርሽ፣ አንቺ አይተሻል፣ እኔን እንደማትወጂኝ ስለሚያውቅ አንቺን ያምናል አለች።

እውነቷን ነው። እኔ ለእሷ የምዋሽበት ምክንያት እንደሌለኝ ወንድሜ ከማንም በላይ ያውቃል። ሥራ ቦታው ሄጄ ነገርኩት። እንባዋን፣ ኪሷን መዳሰሷን፣ ሽቶው ስልኩን ማየቱን፣ አንድም ሳላስቀር። በር እየላገ ሰማኝ። ስጨርስ መላጊያውን አስቀመጠና ፍቅፋቂውን ከክንዱ አራገፈ።

«እሷ ሳታውቅ ነው» አለኝ። «የሚያጨበጭቡትም ሳያውቁ ነው። ሊቀመንበሩም የተጻፈለትን ነው ያነበበው። ፈረንጁም ቋንቋችንን አያውቅም። እንግዲያ እቴቴ፣ ቤቴን ያፈረሰው ማነው?»

ብመልስለት ኖሮ መልሴ እሱ የሚፈልገው ዓይነት አይሆንም ነበር። የሚፈልገው አንድ ሰው ነበር፤ ፊት ለፊት ቆሞ ዓይኑን የሚያየው አንድ ሰው።

በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ቁጭ በይ አለችኝ፤ ቆሜ ያለውን ቃል በቃል ነገርኳት። እጇ ወደ ራሷ ሄደ፤ ሻሽ ሲያጣ ፀጉሯን ጨብጦ ቀረ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ አላለቀሰችም።

«እኔ ነኝ በይው» አለችኝ።

እስካሁን አልነገርኩትም። ብነግረው አንድ ሰው አገኘሁ ብሎ ያርፋል፤ እነ ሽቶውም ያርፋሉ። የእነሱን ዕረፍት አልፈልግም። ሊቀመንበሩ በድጋሚ ተመርጧል፤ ብርቱካናማው አሁን የእሱ ምክትል ነው፤ ፈረንጁ ተቀይሮ ሌላ ፈረንጅ መጥቷል። አጥሩ በር ሄጄ ጠይቄ አውቃለሁ፤ ዘበኛው ቢሮ ሂጂ አለኝ፣ ቢሮው ምክር ቤት ሂጂ አለኝ፣ ምክር ቤቱ ሕዝቡ ነው የወሰነው አለኝ። በዚያ ነገር ውስጥ እጁ ካለበት ሰው ሁሉ «እኔ ነኝ» ያለች እሷ ብቻ ናት። እሷን ደግሞ አልወዳትም።